የመርዶ ነጋሪው ብስክሌት

«አልታየኝም» ነው ያለው ሰውዬው። አባቴ የግራ አንጓውን በቀኝ እጁ ጨብጦ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ብስክሌቱ የፊት ቸርኬው ተጣምሞ መኪናው ፊት ተጋድሟል፤ ሰውዬው ደግሞ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «አልታየኝም» ይላል። ይቅርታ አላለም። ተጎዱ ወይ ብሎ አልጠየቀም። አልታየኝም አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሄደ። እኔ ቦታው ላይ አልነበርኩም። የነገረኝ አባቴ ነው፤ ሲነግረኝም ለሰውዬው ጠበቃ ሆኖለት ነው። «እውነቱን ነው፤ ገና አልነጋም ነበር፣ በዚያ ላይ መብራት የለኝም» አለኝ። ሰውዬውን ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም። አባቴን ግን አግኝቼው ነበርና እሱ ላይ ጮኽኩበት።

መጮህ እችልበታለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅሬታ ተቀባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው መስኮቴ ላይ ተደፍቶ ሲጮህብኝ «ገብቶኛል፣ ይታያል፣ ይመዘገባል» እያልኩ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ተራው የእኔ ነው። ከታክሲ ረዳት ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ከባለሱቁ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ማንም ከሌለ ከቧንቧው ጋር እጨቃጨቃለሁ። የሚያውቁን ሰዎች ቁርጥ እናትሽን ይሉኛል። አባቴ ግን በሕይወቱ ድምፁን ከፍ ያደረገው ለሥራ ብቻ ነው፤ ሥራውም የሰው ሞት መናገር ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ተላላኪ ነበር፤ ብስክሌቱንም የገዛው ያኔ ነው። ከዚያ ውጭ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነው። ካዛንቺስ እያለን ሰው ሲሞት ሊነጋጋ ሲል ጡሩንባውን ይዞ ይወጣና ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። ከልፈፋው በፊት ደግሞ መርዶ አለ። ሟቹ ሌላ ቦታ ሞቶ ዘመዱ ካልሰማ፣ ስልክ ተደውሎ «ሞተ» አይባልም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ይደርሳሉ፣ ይገባሉ፣ ከተቀመጡ በኋላ ነው የሚናገሩት። ሽማግሌዎቹን ከየቤታቸው የሚቀሰቅሰው አባቴ ነው። መስኮታቸውን በጣቱ ጫፍ ቆርቆር ያደርጋል፣ ሲወጡ የሟቹን ስም በሹክሹክታ ይነግራቸዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

የእድሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሰፈር እያለ ይህ በእግር የሚያልቅ ሥራ ነበር። አሁን ግን ሰፈሩ የለም። ካዛንቺስ ዛሬ ብትሄዱ ሰፊ መንገድ ነው፤ መብራት በመብራት ሆኗል፣ አበባ ተተክሏል፣ ለብስክሌት ብቻ ተብሎ ቀለም የተቀባ መንገድ አለ። ያምራል። ያምራል ማለት ራሱ ያናድደኛል፣ ግን ያምራል። የብስክሌት መንገዱ የእኛ ሳሎን በነበረበት ላይ ነው የሚያልፈው። አባቴ ሳይቆረጥ ከቀረው ጽድ ተነስቶ በእርምጃው ለክቶ አረጋግጧል። «ሶፋው ጋ ስደርስ ፔዳል መምታቴን አቆምና ዝም ብዬ እንሸራተታለሁ» ብሎ ነገረኝና ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም።

ቤቶቹ ሲፈርሱ የእድሩ ሰው ተበተነ። አንዳንዱ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ አንዳንዱ እንደ አባቴ ከለመደው አልርቅም ብሎ ቂርቆስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። ሽማግሌዎቹ አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ ደምበል ጀርባ፣ አንዱ መስቀል ፍላወር ናቸው። እኔም መስቀል ፍላወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እድሩን ግን ያፈረሰው የለም። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ለፋፊውም አለ። ስለዚህ ሰባ ዓመት ያለፈው አባቴ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ መብራት በሌለው ብስክሌት፣ መኪና በሚርመሰመስበት ከተማ ሞት ያደርሳል። በቃ፣ ይኸው ነው ያናደደኝ።

በተገጨ ማግስት ክፍሉ ሄጄ ቆምኩበት። አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ማለት ሲገባው ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሽቶ ነው የመጣው።

«ስልክ የለም ወይ?» አልኩት።

«አለ።»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹን ደውለህ አትጠራም? ለአንተ በስልክ አይደለም እንዴ የሚነገርህ?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ» አለ። «ለእኔ ይደወላል። የእነሱን ስልክ ግን ማን እንደሚያነሳው አላውቅም። ልጅ ያነሳል፣ ምራት ታነሳለች፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ባለቤቱ ጋ ይደርሳል። ያቺን ሴትዮ ረሳሻት?»

አልረሳኋትም። የድሮ ጎረቤታችን ናት። ወንድሟ ክፍለ ሀገር ሞቶ ሽማግሌዎቹ ለማግስቱ ሊነግሯት ተቀጣጥረው ሳለ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠች «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ገባላት። ማን እንደሞተባት እንኳ ሳታውቅ ነው የጮኸችው። ሹፌሩ በድንጋጤ መኪናውን አቁሞ ሰው ሁሉ ወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር በእድራችን አይደርስም ብሎ ማለ። እሺ ይማል። ግን መሐላውን የሚጠብቀው በእኔ አባት ነፍስ ነው፤ ያንን ማንም አላማከረኝም።

«ፋሻው ሲፈታ ብስክሌቱን አሠራዋለሁ» አለኝ።

«አታሠራም።»

«ካልሆነ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ኖሮ እጮህና ይለቀቅልኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ የክርስትና እናቴ ደወለች። ሁልጊዜ ከሥራ ስገባ ትደውላለች። ካዛንቺስ ቤታችንና ቤቷ በአንድ ግድግዳ ነበር የሚለያዩት፤ ግድግዳውም የጭቃ ስለሆነ ምን ወጥ እንደሠራን በሽታው፣ ማን ከማን እንደተጣላ በድምፁ ታውቅ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ያቺን ግድግዳ እየደበደበች «አንቺ ልጅ፣ በልተሻል?» ትለኝ የነበረችው እሷ ናት። አሁን ከተማው ጫፍ ከወንድ ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። ግድግዳ ስለሌለ በስልክ ነው የምትደበድበኝ። እንደ እሷ ሆኖ አባቴን የሚያማልኝ ሰው የለም፤ ለዚህም እወዳታለሁ።

«ብስክሌቱን ሸጥሽው?» አለችኝ፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ለቁራሌው ስጪዋ! የእኔን መርዶ ይዞልሽ ሲመጣ መኪና ቢደፋው በአንድ ቀን ሁለት ድንኳን ሊጣል ነው? እድሩ ያለው አንድ ድንኳን ነው እኮ!»

«ኧረ አታሟርቺ!»

«ምን ሟርት አለው፣ እውነት ነው እንጂ። ካልሸጥሽው ደግሞ መብራት ግጠሚለት። እንደ ሠርግ ቤት አድርጊው። ሰው ሁሉ ይየው።»

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩበት። ብሸጠው በእግሩ ይሄዳል፤ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ደግሞ ከብስክሌት ይበልጥ አይታይም። እሺ፣ አልኩ። መሄዱ ካልቀረ ዓይን እስኪወጋ ድረስ ይታያል። ብስክሌቱን ለማሠራት የወሰንኩት ለእሱ አዝኜ አይደለም። ያ ሰውዬ «አልታየኝም» የሚልበት አፍ እንዲያጣ ብዬ ነው።

የብስክሌት ጠጋኙን ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ድሮ ካዛንቺስ ከበራችን ፊት ለፊት ሸራ ወጥሮ ነበር የሚሠራው። አሁን ቂርቆስ ውስጥ አንድ አጥር ተደግፎ ያለ ሸራ ይሠራል። የፊት ጎማውን አንጠልጥዬ ብስክሌቱን በኋላ እግሩ እየነዳሁ፣ በቢሮ ጫማዬ ዳገት ወጥቼ ደረስኩ። አንዴ አየውና «ነገ ነይ» አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ብስክሌቱ ባስቀመጥኩበት ቦታ ባስቀመጥኩት አኳኋን ተኝቷል። «ነገ ነይ።» ደግሜ ሄድኩ፤ ቸርኬው ወልቋል፣ ሰውዬው የለም። በአራተኛው ስመለስ ጮኽኩበት። አጥሩ ላይ የተቀመጠች ድመት ወርዳ ሸሸች፤ እሱ ግን ፍሬን ማስተካከሉን አላቋረጠም።

«ጨርሰሻል፣ እናት?» አለኝ። «ጥሩ። ቸርኬው ተቃንቷል። ካቴናውን ቀይሬዋለሁ። ፍሬኑ አሁን ይይዛል። በቃ።»

«መብራቱስ? ያ ዳይናሞ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው። አሮጌ ስለሆነ ጣለውና—»

«ዳይናሞው ሰላም ነው። ማለቴ፣ ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ለምን አይበራም?»

«ሽቦው ተነቅሎ ነዋ።»

«ማን ነቀለው?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ፋዘርን ጠይቂያቸው እንጂ።» የሽቦውን ጫፍ አሳየኝ። እንዳይበላሽ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ፣ ከብረቱ ጋር ታስሯል። «ሌባ እንዲህ አይጠነቀቅም።»

ፕላስተሩን አወቅኩት። አባቴ የመነጽሩን እግር የሚያስርበት ነው።

እንዴት ወደ ክፍሉ እንደደረስኩ አላስታውስም። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። «ሽቦውን ነቅለኸዋል!» አልኩት። «ሰው ገጨኝ ትላለህ፣ አልታየሁትም ትላለህ፣ መብራት የለኝም ትላለህ! መብራት እያለህ!»

ሬዲዮውን ዘጋ። ወንበር በዓይኑ አሳየኝ፤ አልተቀመጥኩም። እንደቆምኩ ነገረኝ።

እዚህ የመጣ ሰሞን በመብራቱ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ሊነጋ ሲል ከአንድ ቅያስ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ልትስም በሯን ከፍታ የወጣች ሴትዮ መብራቱን አየች። የእድራችን አባል ናት፤ ራቅ ብሎ ሄዶ የቀረባት ልጅ አላት። በዚያ ሰዓት በብስክሌት የሚሄድ ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ዳይናሞው ጎማው ላይ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ጩኸትም ታውቃለች። እሱ ወደ እሷ አልነበረም የሚሄደው፤ የሌላ ሰው መርዶ ስለነበር አንድ ሽማግሌ ሊቀሰቅስ ነው። እሷ ግን እዚያው ደጃፏ ላይ ተንበርክካ «ልጄ ነው? ልጄ ነው አይደል?» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ወርዶ ትከሻዋን ያዛት። ያንቺ አይደለም አላት። ማለላት። አላመነችውም፤ ደረት ስትመታ ሰፈሩ ሁሉ ተነሳ።

«በማግስቱ ነቀልኩት» አለኝ። «መብራቴን ያየ ሁሉ ቤቱ ሞት የመጣበት ይመስለዋል። አስቢው። ወደ አንድ ቤት ለመድረስ ስንት ደጃፍ አልፋለሁ?»

«ስለዚህ እሷ እንዳትደነግጥ አንተ ሙት?»

«እሷ ልጇ የሞተባት መስሏት ነበር። እኔ ወደቅኩ፣ ተነሳሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ?»

በንዴት ዕንባዬ መጣ። ሲናደዱ ማልቀስን እጠላለሁ፤ ሰው ያዘነች ይመስለዋል። እኔ አላዘንኩም ነበር፤ ተናድጄ ነበር። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ማታ የክርስትና እናቴ ስትደውል ሁሉንም አፈሰስኩት። ከጎኔ ሆና ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅኩ። 

«ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ» አለች። «አስፋልቱ ላይ ይብራ። የሚሄድበት ቤት ቅያስ ሲደርስ ያጥፋ። ይህንን ለማሰብ መማር ያስፈልጋል?»

«በመንገድ የሚያልፋቸውስ?»

«እነሱ ይልመዱታ! ሲያልፍ የሚበራ ከሆነ፣ የበራ መብራት ያየ ሰው ለእኔ አይደለም ብሎ ተመስገን ይላል። መፍራት ያለበት ሲጠፋ ነው። ንገሪው፣ በየወሩ ስብሰባ ላይ ይንገራቸው። ለፋፊ አይደለም እንዴ?»

ይህንን ለአባቴ ነገርኩት። «እሷ ናት ያለችው?» አለ። እሷ ናት አልኩት። «እንግዲያው ይሁን» አለ። እኔ ለሳምንታት ጮኼ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ወሰደችው። ይህም አናደደኝ።

ዳይናሞው ግን ለዚህ አይሆንም። መንኮራኩሩ ሲዞር ብቻ ነው የሚያበራው፣ በዚያ ላይ ይጮሃል። የሚያስፈልገው በባትሪ የሚሠራ፣ ሲፈለግ በርቶ ሲፈለግ በአንድ ጊዜ የሚጠፋ ነው። ሜክሲኮ የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ አንዱን አውጥቶ ሲጫነው መብረቅ ይመስል ይብለጨለጫል፤ ሲደግመው ቶሎ ቶሎ ይብለጨለጫል፤ ሲሠልሰው ይደምቃል፤ በስንተኛው ጊዜ እንደሆነ እንጃ ጠፋ።

«አንዴ ሲጫኑት የሚጠፋ የለህም?» አልኩት።

«ይሄ እኮ ኳሊቲ ነው።»

«በአንዴ የሚጠፋ!»

«እህቴ፣ ሰው መብራት የሚገዛው እንዲበራለት ነው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ስለ መርዶ ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳስረዳ ነው የዋልኩት። መደርደሪያውን እስኪያገለባብጥ ድረስ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። በመጨረሻ ከሥር አንድ ወፍራም፣ አስቀያሚ፣ በቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ተገኘ። ለኋላም ከኮርቻ ሥር የሚታሰር ቀይ ብልጭ ድርግም የሚል ወሰድኩ። የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ጨመርኩ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰደርያም ጨመርኩ። «ባትሪው ቶሎ ቢሞት ይዤልህ ነው የምመጣው!» አልኩት። «ቢጠፋ አምጪው፣ እዚሁ ነኝ» አለ። እንዲጠፋ የተመኘሁት ያህል ነበር፤ ተመልሼ የምጮህበት ሰው እንዳላጣ።

ጠጋኙ ሁሉንም ገጠመልኝ። ፓራፋንጎው፣ ፔዳሉ፣ የፊት ሹካው ሳይቀር የሚያንጸባርቀው ፕላስተር ተለጠፈበት። አመሻሹ ላይ አባቴ ቂርቆስ ካለው ክፍሉ ደጃፍ ሆኖ ሲያየው «ሠርግ ቤት አደረግሽው» አለ። ማን እንዲህ አድርጊው እንዳለችኝ አልነገርኩትም። ሰደርያውን ለብሶ «ትራፊክ መስያለሁ» እያለ ቅያሱን ዞረልኝ። መብራቱ ገና ከሩቅ ዓይን ይወጋል፤ ደስ አለኝ። ወደ እኔ ሲጠጋ በአውራ ጣቱ ቁልፉን ተጫነው፣ ጠፋ፣ ያለ ድምፅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። 

«የኋላው አልጠፋም» አልኩት። ከኮርቻው ሥር ቀዩ ብልጭ ድርግም ይላል።

«እሱን ለማጥፋት መውረድና ማጎንበስ አለብኝ። ወገቤን ታውቂዋለሽ። ደግሞስ የኋላውን ማን ያየዋል?»

«ይብራ ካልክ ይብራ፣ እኔ ምን አገባኝ» አልኩ። ብዙ ተጨቃጭቄ ስለነበር ለኋላ መብራት የሚተርፍ ጉልበት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ተለመደ። አባቴ በወሩ ስብሰባ ቆሞ «አብርቼ ካለፍኩ የእናንተ አይደለም» ብሎ ለፈፈ፤ ሳቁበት፣ ግን ሰሙት። ሴትዮዋም አንድ ቀን ሲያልፍ ከደጃፏ ሆና በእጇ ሰላም አለችው። ዳግመኛ የገጨው የለም። ለክርስትና እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት «እኔን ብትሰሙኝ» ትላለች። እኔም በዚህ በኩል ትንሽ በረድ አልኩ፤ ንዴቴን ወደ ውሃው አዞርኩት።

ውሃ እኛ ፎቅ ላይ የሚደርሰው ሊነጋ ሲል ብቻ ነው። እየተነሳሁ ጄሪካን እሞላለሁ፣ እየሞላሁ እራገማለሁ። አንድ ቀን እንደዚሁ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እስኪሞላ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እንቅልፍ አልጠገብኩም። በዋዜማው ማታ የክርስትና እናቴ ሳትደውል ቀርታ እኔ ስደውል «ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም» ይለኝ ነበርና፣ ኔትወርኩን ስሰድብ አምሽቼ ነው የተኛሁት።

ከአስፋልቱ በኩል መብራት መጣ። ዝቅ ያለ፣ የሚንገጫገጭ፣ ዓይን የሚወጋ። ሰደርያው ከመንገዱ መብራት ሥር ሲያልፍ ብልጭ አለ። አባቴ ነው! አብርቶ ነው የሚሄደው፣ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይጮህበት። ልቤ ሞቀ። ከእኛ አካባቢ አንዱን ሽማግሌ ሊቀሰቅስ እንደሆነ ገመትኩ። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ በዓይኔ አየሁት እላታለሁ፣ ብዬ አሰብኩ።

ቅያሳችን ጫፍ ካለው ኪዮስክ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ያ የሜክሲኮ ሻጭ ነው። ባትሪው! አውቄዋለሁ! ዛሬ ከሥራ ቀርቼም ቢሆን እሄድበታለሁ፣ ሱቁን ነው የማፈርስበት። አባቴ ከብስክሌቱ ወረደ። ሰደርያውን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከኪዮስኩ ጥላ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወጥተው ከጎኑ ቆሙ። ሦስቱም ቀና ብለው ወደ እኔ ፎቅ አዩ፤ እኔ ግን ጨለማ ውስጥ ስለነበርኩ አላዩኝም።

ማታ አልደወለችም።

ጄሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ይሰማኛል። አልዘጋሁትም። በሩን ቆልፌ ብቀመጥ፣ ቢያንኳኩ ባልከፍት፣ ካልገቡና ካልተቀመጡ አይናገሩም፣ ካልተናገሩ ደግሞ አልሆነም ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አሰብኩት። እግሬ ግን ደረጃውን ወርዶ ነበር።

የግቢውን በር ስከፍት አባቴ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሊያስደግፍ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ዘወር ሲል አየኝ፣ ክው አለ። «ምነው ወረድሽ? ገና ነው እኮ» አለኝ። ድምፁ ደህና ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የተለማመደው ድምፅ ነው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከኮርቻው ሥር ደግሞ ያ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነጠላቸው ይቀላል፣ ይነጣል፣ ይቀላል። ሦስቱም አላዩትም።

ልጮህበት ፈለግሁ። እግዜር ያውቃል፣ በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ባለው ሰው ሁሉ ላይ ልጮህ ፈለግሁ። 

ጎንበስ ብዬ የኋላውን መብራት አጠፋሁትና «ግቡ» አልኳቸው።